የሠራዊት ጡረተኛ አበልና የፋብሪካ ደመወዝ በግብር ሕግ ፊት

በአገር መከላከያ ሠራዊት ለረጅም ዓመታት ያገለገለ አባል በጡረታ ሲገለል የሥራ ዘመኑ አበቃ ማለት አይደለም። አብዛኞቹ አባላት ከሠራዊቱ የሚሰናበቱት ለሲቪል ሠራተኛ ከተደነገገው የ60 ዓመት የጡረታ ዕድሜ ቀደም ብለው በመሆኑ፣ ብዙዎቹ ልጆቻቸውን እያሳደጉና እያስተማሩ ሌላ ሥራ ይፈልጋሉ። ሥራውን ባገኙ ጊዜ ታዲያ አንድ ጥያቄ አብሮ ይመጣል። በየወሩ የሚከፈላቸው የጡረታ አበል ከአዲሱ ደመወዝ ጋር ተደምሮ ግብር ይቆረጥበታል ወይስ አይቆረጥበትም?

የሕጉ መልስ አጭር ነው። የጡረታ አበል የገቢ ግብር አይከፈልበትም። ከጡረታ በኋላ በሥራ የሚገኝ ደመወዝ ግን እንደማንኛውም ሠራተኛ ደመወዝ ግብር ይከፈልበታል። ሁለቱ ገቢዎች ለአንድ ሰው ቢከፈሉም በሕግ ፊት የተለያዩ ናቸው፤ ስለዚህም አይደመሩም። ይህንን ልዩነት ያልተረዳ የሒሳብ ሠራተኛ ከአንድ ጡረተኛ ላይ በየወሩ ከአንድ ሺህ ብር በላይ ያለአግባብ ሊቆርጥ ይችላል። ልዩነቱን ያልተረዳ ጡረተኛ ደግሞ ሊከፍለው የሚገባውን ግብር እንደ በደል ሊቆጥረው ይችላል።

ጉዳዩ በአዳማና በአካባቢው

ጥያቄው በመላ አገሪቱ የሚነሳ ቢሆንም በአዳማና በአካባቢዋ በሚገኙ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ትርጉሙ ይጎላል። በአዲስ አበባና በአዳማ መካከል የምትገኘው ቢሾፍቱ የኢትዮጵያ አየር ኃይል መቀመጫ ናት፤ የመከላከያ ምህንድስና ኮሌጅም የሚገኘው በዚያው ነው። በመሆኑም በሠራዊቱ ውስጥ ያገለገሉ ቤተሰቦች በአካባቢው መኖራቸው አዲስ ነገር አይደለም።

የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በበኩሉ በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም ተመርቆ ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ በዋናነት ለጨርቃ ጨርቅና ለአልባሳት ፋብሪካዎች ታስቦ የተገነባና በኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን ሥር የተደራጀ ነው። በ2016 ዓ.ም የወጣው የልዩ ኢኮኖሚ ዞን አዋጅ ቁጥር 1322/2016 ደግሞ ለመሰል ፓርኮች አዲስ የሕግ ማዕቀፍ ይዞ መጥቷል። በፋብሪካዎች አካባቢ ከስፌትና ከሽመና መስመር ውጪ የጥበቃ፣ የንብረት አስተዳደር፣ የተሽከርካሪ ስምሪት፣ የጥገናና የሠራተኛ ቁጥጥር ሥራዎች አሉ። እነዚህ በሠራዊት ውስጥ የተገኘ ዲሲፕሊንና የቴክኒክ ሙያ የሚፈለግባቸው መደቦች ናቸው።

አንድ የሠራዊት ጡረተኛ በዚህ ዓይነት መደብ ሲቀጠር በሕግ ፊት ያለው ቦታ ይለወጣል። በሠራዊቱ ሳለ የፌዴራል መንግሥት ተከፋይ ነበር። በኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 96 መሠረት በፌዴራል መንግሥት ተቀጣሪዎች ገቢ ላይ ግብር የመጣልና የመሰብሰብ ሥልጣን የፌዴራሉ መንግሥት ነው። በግል ድርጅት ተቀጣሪዎች ገቢ ላይ ግን አንቀጽ 97 ሥልጣኑን ለክልሎች ይሰጣል። ስለዚህ ሰውየው ከሠራዊቱ ወጥቶ በአዳማ የግል ፋብሪካ ሲቀጠር ከደመወዙ የሚቆረጠው ግብር የክልል ገቢ ይሆናል፤ የጡረታ አበሉ ግን ከፌዴራሉ የጡረታ ፈንድ መከፈሉን ይቀጥላል።

የጡረታ አበሉ ከየት ይመጣል?

አበሉ ለምን ከግብር ነፃ እንደሆነ ለመረዳት ገንዘቡ እንዴት እንደሚሰባሰብ ማወቅ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ዘመናዊ የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት የተዘረጋው በ1953 ዓ.ም በወጣው ድንጋጌ ቁጥር 46 እና ከሁለት ዓመት በኋላ በተከተለው አዋጅ ቁጥር 209/1955 ነው። ሥርዓቱ ከመነሻው ጀምሮ ሲቪል ሠራተኛውንም ወታደሩንም ያቀፈ ነበር። ከዚያ በኋላ አዋጅ ቁጥር 345/1995፣ አዋጅ ቁጥር 714/2003 እና አዋጅ ቁጥር 1267/2014 በተከታታይ ወጥተዋል። አስፈጻሚው ተቋም በአሁኑ ስያሜው የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ይባላል።

በአዋጅ ቁጥር 714/2003 በተዘረጋው አሠራር ፈንዱ የሚሞላው ከሁለት ወገን በሚሰበሰብ መዋጮ ነው። ሲቪል ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ ሲያዋጣ መንግሥት በአሠሪነቱ 11 በመቶ ይጨምራል። ለሠራዊትና ለፖሊስ አባላት ግን የአባሉ መዋጮ እዚያው 7 በመቶ ሆኖ የመንግሥት ድርሻ ወደ 25 በመቶ ከፍ ይላል። የዚህ ምክንያት ግልጽ ነው። የወታደር የአገልግሎት ዘመን አጭር፣ አደጋው ብዙ፣ አበል የሚወስድበት ዘመን ደግሞ ረጅም ነው።

የአበሉ ስሌትም ይህንኑ ይከተላል። በዚሁ አዋጅ መሠረት ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው ከጡረታው በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ያገኝ የነበረው አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይታሰብለታል። ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት ለሲቪል ሠራተኛ 1.25 በመቶ፣ ለወታደርና ለፖሊስ 1.65 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው ከአማካይ ደመወዙ 70 በመቶ ነው።

ይህንን በምሳሌ ማየት ይቻላል። 25 ዓመት ያገለገለና የመጨረሻ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 9 ሺህ ብር የነበረ አንድ ወታደር ይኖራል እንበል። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ለቀሪዎቹ 15 ዓመታት ደግሞ በ1.65 ተባዝቶ 24.75 በመቶ ይታሰብለታል። ድምሩ 54.75 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ ወርኃዊ አበሉ 4 ሺህ 927 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ይኸው ሰው ሲቪል ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ በተመሳሳይ ዘመንና ደመወዝ 48.75 በመቶ፣ ማለትም 4 ሺህ 387 ብር ከ50 ሳንቲም ያገኝ ነበር።

አበሉ ከግብር ነፃ የሆነበት ምክንያት

የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ገቢዎችን በአምስት ሠንጠረዦች ይመድባል። ሠንጠረዥ ‹‹ሀ›› ከመቀጠር ለሚገኝ ገቢ፣ ሠንጠረዥ ‹‹ለ›› ቤት በማከራየት ለሚገኝ ገቢ፣ ሠንጠረዥ ‹‹ሐ›› ለንግድ ሥራ ገቢ፣ ሠንጠረዥ ‹‹መ›› ለሌሎች ገቢዎች የተመደቡ ናቸው። አምስተኛው ሠንጠረዥ ‹‹ሠ›› ከግብር ነፃ የተደረጉ ገቢዎች የሚገኙበት ነው። በጡረታ ሕጎቹ መሠረት ከግብር ነፃ የተደረገው የጡረታ ክፍያ የሚመደበውም በዚህ ወገን ነው።

ነፃነቱ ለሠራዊቱ ብቻ የተሰጠ ልዩ ውለታ እንዳልሆነ ማስተዋል ይገባል። መምህሩ፣ ሐኪሙ፣ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሠራተኛውና በአዋጅ ቁጥር 715/2003 በተዘረጋው ሥርዓት የታቀፈው የግል ድርጅት ሠራተኛም በጡረታ ሲገለሉ አበላቸውን ያለግብር ይቀበላሉ። ሠራዊቱን የሚለየው የመንግሥት መዋጮ ከፍ ማለቱና የአበሉ ስሌት ማደጉ እንጂ የግብር አያያዙ አይደለም።

ምክንያቱ ከደመወዝ ግብር አሠራር ጋር የተያያዘ ነው። በኢትዮጵያ ሕግ ከመቀጠር በሚገኝ ገቢ ላይ ግብር የሚሰላው የሠራተኛው 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ከመቀነሱ በፊት ባለው ደመወዝ ላይ ነው። 9 ሺህ ብር የሚከፈለው ሠራተኛ በወር 630 ብር ለጡረታ ቢያዋጣም ግብሩ የሚታሰበው በ8 ሺህ 370 ብር ላይ ሳይሆን በ9 ሺህ ብሩ ላይ ነው። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም ጀምሮ በሚሠራበት ማስከፈያ ልክ ሠራተኛው ለመዋጮ ባዋለው 630 ብር ላይ ብቻ በየወሩ 157 ብር ከ50 ሳንቲም ግብር ይከፍላል። ገንዘቡ ወደ ፈንዱ የሚገባው ግብሩ ተከፍሎበት በመሆኑ በጡረታ ዘመን ተመልሶ ሲመጣ ሌላ ግብር ቢጣልበት ያው ገንዘብ ሁለት ጊዜ ግብር ይከፈልበት ነበር።

ይህ ማብራሪያ ግን ሙሉ የሚሆነው ለአባሉ መዋጮ ብቻ ነው። በሠራዊቱ ጡረታ ከሚሰበሰበው ጠቅላላ 32 በመቶ መዋጮ ውስጥ የአባሉ ድርሻ 7 በመቶ ሲሆን፣ ይህም ከጠቅላላው ከሩብ በታች ነው። ቀሪውን 25 በመቶ መንግሥት የሚሸፍነው ሲሆን፣ በእርሱ ላይ አባሉ ቀድሞ የከፈለው ግብር የለም። በዚህ ክፍል ላይ ያለው ነፃነት የድርብ ግብር ጉዳይ ሳይሆን የማኅበራዊ ዋስትና ፖሊሲ ምርጫ ነው። መንግሥት በአንድ እጁ ከፍሎ በሌላ እጁ ከመመለስ ይልቅ ጡረተኛው አበሉን ሙሉውን እንዲወስድ ወስኗል።

የምርጫው ዋጋ በቁጥር ሊገለጽ ይችላል። ከላይ በምሳሌው የተጠቀሰው 4 ሺህ 927 ብር ከ50 ሳንቲም ደመወዝ ቢሆን ኖሮ በአሁኑ ማስከፈያ ልክ በወር 485 ብር ከ50 ሳንቲም ግብር ይከፈልበት ነበር። በዓመት ሲታሰብ 5 ሺህ 826 ብር ይሆናል። ይህም ከአንድ ወር አበል የሚበልጥ ገንዘብ ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ

የወታደር ጡረታ በሁሉም አገር ከግብር ነፃ አይደለም። በአሜሪካ የጦር ኃይሎች መደበኛ የጡረታ ክፍያ ለፌዴራል መንግሥት የገቢ ግብር ይከፈልበታል፤ በክፍለ ግዛቶች ደረጃ ያለው አያያዝ ግን ይለያያል። በአገልግሎት ላይ ለደረሰ የአካል ጉዳት ከአገሪቱ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሚከፈለው ካሣ በአንጻሩ ከግብር ነፃ ነው። በብሪታንያም የሠራዊት ጡረታ እንደ ማንኛውም ገቢ ግብር ሲከፈልበት ለጦር ጉዳተኞች የሚሰጠው የጡረታ ክፍያ ነፃ ነው።

ልዩነቱ ያለምክንያት አይደለም። በሁለቱም አገሮች መደበኛው የወታደር ጡረታ ከአባሉ ደመወዝ ላይ መዋጮ ሳይቆረጥ በመንግሥት የሚሸፈን ነው። በአገልግሎት ዘመን ግብር ያልተከፈለበት ገንዘብ በጡረታ ዘመን ግብር ይከፈልበታል። በኢትዮጵያ ግን አባሉ ግብር ከተከፈለበት ደመወዙ ላይ በየወሩ ያዋጣል። ስለዚህ የሌላ አገር አሠራርን እንደ ማስረጃ ጠቅሶ ‹‹በውጭ አገር የወታደር ጡረታ ግብር ይከፈልበታል›› የሚለው ክርክር የመዋጮውን ሥርዓት ካላገናዘበ ጎዶሎ ይሆናል።

ከጡረታ በኋላ የሚገኘው ደመወዝ

ጡረተኛው ሥራ ሲቀጠር የሚከፈለው ደመወዝ በሠንጠረዥ ‹‹ሀ›› ሥር ይወድቃል። የቀድሞ ወታደር መሆኑ፣ ዕድሜው ወይም የጡረታ ደብተር መያዙ በዚህ ደመወዝ ላይ የተለየ የግብር ነፃነት አያስገኝለትም።

በሐምሌ ወር 2017 ዓ.ም የጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከመቀጠር በሚገኝ ገቢ ላይ ግብር የማይከፈልበትን የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2 ሺህ ብር ከፍ አድርጎታል። በአዲሱ ማስከፈያ ልክ መሠረት፡-

እስከ 2 ሺህ ብር ግብር አይከፈልበትም፤
ከ2 ሺህ 1 እስከ 4 ሺህ ብር 15 በመቶ፤
ከ4 ሺህ 1 እስከ 7 ሺህ ብር 20 በመቶ፤
ከ7 ሺህ 1 እስከ 10 ሺህ ብር 25 በመቶ፤
ከ10 ሺህ 1 እስከ 14 ሺህ ብር 30 በመቶ፤
ከ14 ሺህ ብር በላይ 35 በመቶ ነው።

እያንዳንዱ መጣኔ የሚሠራው በእርከኑ ውስጥ ባለው ገንዘብ ላይ ብቻ ነው። በተግባር ሒሳብ ክፍሎች ደመወዙን በመጨረሻው መጣኔ አባዝተው ተቀናሹን ያነሳሉ። ተቀናሾቹ ለ15 በመቶ 300 ብር፣ ለ20 በመቶ 500 ብር፣ ለ25 በመቶ 850 ብር፣ ለ30 በመቶ 1 ሺህ 350 ብር፣ ለ35 በመቶ 2 ሺህ 50 ብር ናቸው።

በምሳሌ የተጠቀሰው ጡረተኛ በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሚገኝ ፋብሪካ በጥበቃ ተቆጣጣሪነት በ8 ሺህ ብር ደመወዝ ተቀጠረ እንበል። ደመወዙ በ25 በመቶ ተባዝቶ 2 ሺህ ብር ይሆናል፤ ተቀናሹ 850 ብር ሲነሳለት የወሩ ግብር 1 ሺህ 150 ብር ነው። በቀድሞው የአዋጅ ቁጥር 979/2008 ማስከፈያ ልክ በዚሁ ደመወዝ ላይ ይቆረጥ የነበረው ግብር 1 ሺህ 445 ብር ነበር።

ስህተት ሊፈጠር የሚችለው አበሉና ደመወዙ ሲደመሩ ነው። ሁለቱ ተደምረው 12 ሺህ 927 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናሉ። ይህ በ30 በመቶ ተባዝቶ 1 ሺህ 350 ብር ሲቀነስለት 2 ሺህ 528 ብር ከ25 ሳንቲም ግብር ይመጣል። ከትክክለኛው ግብር ጋር ሲነጻጸር በወር 1 ሺህ 378 ብር ከ25 ሳንቲም፣ በዓመት 16 ሺህ 539 ብር ብልጫ አለው። ይህ ገንዘብ ለአንድ የጡረተኛ ቤተሰብ ከሦስት ወር አበል በላይ ነው።

የስህተቱ መነሻ አብዛኛውን ጊዜ በሕጉ ውስጥ ያለ ሌላ ደንብ ነው። ከአንድ በላይ አሠሪ ያለው ሠራተኛ ከሁሉም የሚያገኘው ደመወዝ ተደምሮ ግብሩ ይሰላል። ይህ ደንብ ግን የሚመለከተው ከመቀጠር የሚገኝን ገቢ ነው። የጡረታ ፈንዱ የጡረተኛው አሠሪ አይደለም፤ አበሉም ለተሠራ የወር ሥራ የሚከፈል ደመወዝ አይደለም። በመሆኑም ጡረተኛው ሁለት አሠሪ እንዳለው ተቆጥሮ ገቢው ሊደመርበት አይገባም። ጡረተኛው በሁለት ድርጅቶች ቢቀጠር ግን የሁለቱ ደመወዞች ይደመራሉ፤ አበሉ እዚያም ከስሌቱ ውጪ ይሆናል።

የፓርኩ የግብር እፎይታ ሠራተኛውን አይመለከትም

በኢንዱስትሪ ፓርኮች ዙሪያ የሚታይ ሌላ ብዥታ አለ። በፓርክ ውስጥ የገቡ ባለሀብቶች በኢንቨስትመንት ማበረታቻ ሕጎች መሠረት ለተወሰኑ ዓመታት ከገቢ ግብር እፎይታ ሊያገኙ ይችላሉ። ይህ እፎይታ የሚመለከተው ድርጅቱ ከሚያገኘው ትርፍ ላይ የሚከፍለውን የንግድ ሥራ ገቢ ግብር ነው። ከአገር ውስጥ ሠራተኞች ደመወዝ ላይ በየወሩ የሚቆረጠው ግብር የድርጅቱ ሳይሆን የሠራተኛው ግዴታ በመሆኑ ፋብሪካው እፎይታ ላይ መሆኑ ከዚህ ኃላፊነት አያድነውም። አሠሪው ግብሩን ቀንሶ የማስቀረትና ለተመዘገበበት የገቢ ጽሕፈት ቤት የማስተላለፍ ግዴታ አለበት። ሳይቀንስ ቢቀር ተጠያቂው ራሱ ነው።

የስንብት ክፍያ፣ ዳረጎትና የተተኪዎች አበል

አንድ አባል ከሠራዊቱ ሲለይ የሚቀበለው ገንዘብ ሁሉ ‹‹ጡረታ›› ተብሎ ሊጠራ አይገባም። የግብር አያያዙ የሚወሰነው በገንዘቡ ባሕርይ እንጂ በተቀባዩ ማንነት አይደለም።

የመጀመሪያው ዘላቂው የጡረታ አበል ነው። በጡረታ ሕጉ ለዚህ የሚያበቃውን አገልግሎት ያላሟላ ሰው ዘላቂ አበል ሳይሆን በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት የሚያገኝበት ሁኔታ አለ። በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት የሚከፈል አበልም በዚሁ ሕግ ይሸፈናል። አባሉ ሲሞት ደግሞ መብቱ ወደ ተተኪዎቹ ይተላለፋል። በአዋጅ ቁጥር 714/2003 መሠረት የሟች ሚስት ወይም ባል ሟቹ ያገኝ የነበረው ወይም ሊያገኝ ይችል የነበረው አበል 50 በመቶ፣ እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ይታሰብላቸዋል። እነዚህ ክፍያዎች በጡረታ ሕጉ መሠረት የሚፈጸሙ ስለሆኑ እንደ ደመወዝ አይቆጠሩም። አበል የምትቀበል የሟች ባለቤት በፋብሪካ ብትቀጠርም ስሌቱ ያው ነው፤ ግብር የሚከፈልበት ደመወዟ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የሥራ ውል ሲቋረጥ አሠሪው የሚከፍለው ገንዘብ ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሠራተኛ ሥራውን ሲለቅ በፈቃድ፣ በስምምነት ወይም በክርክር ውጤት ከአሠሪው የሚከፈለውን ገንዘብ ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ አድርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ ጡረተኛው ለጥቂት ዓመታት ከሠራበት ፋብሪካ ሲሰናበት የሚያገኘው የስንብት ክፍያ፣ ሰውየው ጡረተኛ በመሆኑ ብቻ ‹‹የጡረታ ገንዘብ›› ሊባልና ከግብር ነፃ ሊደረግ አይችልም።

የቤት ኪራይና ንግድ

ብዙ ጡረተኞች ከቅጥር ውጪ ባሉ መንገዶች ኑሯቸውን ይደጉማሉ። በአዳማ፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ ክፍሎችን ማከራየት፣ ሱቅ መክፈት ወይም በተሽከርካሪ መሥራት የተለመደ ነው። በእነዚህም መርሁ አይለወጥም። ቤት ያከራየ ጡረተኛ በሠንጠረዥ ‹‹ለ››፣ ንግድ የከፈተ በሠንጠረዥ ‹‹ሐ›› መሠረት ግብሩን ያሳውቃል፤ በባንክ ያስቀመጠው ገንዘብ ወለድ ቢያፈራ በሠንጠረዥ ‹‹መ›› ይስተናገዳል። የጡረታ አበሉ በየትኛውም ሠንጠረዥ ውስጥ ገብቶ የግብር ደረጃውን ከፍ አያደርግም።

በሌላ በኩል ጡረተኛው ለንግዱ መነሻ ያደረገው ገንዘብ ከጡረታ አበሉ የተጠራቀመ መሆኑ ንግዱን ከግብር ነፃ አያደርገውም። ነፃ የተደረገው አበሉ ነው፤ አበሉ የሚያፈራው ትርፍ አይደለም።

ግብር ያልሆኑ ተቀናሾች

ከአበል ላይ አንዳንድ ጊዜ ገንዘብ ሲቀነስ ይታያል። ይህ ግን የገቢ ግብር አይደለም። የጡረታ አበል በመርህ ደረጃ የማይያዝና ለሌላ የማይተላለፍ ሆኖ፣ ሕጉ በዘረዘራቸው ጉዳዮች ለምሳሌ ለመንግሥት ዕዳ ወይም ለቀለብ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከአበሉ ሊቀነስ ይችላል። ጡረተኛው ቅናሽ ካየ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የቅናሹን ምክንያትና የትእዛዙን ምንጭ ነው።

በተመሳሳይ ሁኔታ ‹‹ሥራ ከተቀጠርኩ አበሌ ይቋረጣል ወይ?›› እና ‹‹ከአዲሱ ደመወዜ የጡረታ መዋጮ ይቆረጣል ወይ?›› የሚሉት ጥያቄዎች የግብር ሕግ ጥያቄዎች አይደሉም። የሚመለሱት በጡረታ አዋጆቹና በመመሪያዎቻቸው ነው። በመሆኑም ጡረተኛው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቅርንጫፍ፣ አሠሪው ደግሞ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ጥያቄ ቢያቀርቡ ከኋላ የሚመጣን ውዝግብ ያስቀራል። የገቢ ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎችም እነዚህን ጥያቄዎች ወደሚመለከተው ተቋም መምራት እንጂ በግብር ሕግ ለመመለስ መሞከር የለባቸውም።

ከጽሕፈት ቤቶች ምን ይጠበቃል?

በፋብሪካዎችና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩ የሰው ኃይልና የሒሳብ ክፍሎች ጡረተኛ ሲቀጥሩ ሊያደርጉት የሚገባው ሥራ ብዙ አይደለም። የሠራተኛውን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር መመዝገብ፣ ደመወዙን ብቻ በመክፈያ ሰነዱ ላይ ማስፈር፣ በወቅቱ በሚሠራበት ማስከፈያ ልክ ግብሩን ማስላት፣ የጡረታ አበሉን መጠን በግብር ስሌት ውስጥ አለማስገባት ይበቃል። የጡረታ ሰነዱ በሠራተኛው ማኅደር ቢቀመጥም ጥቅሙ ለግል ታሪኩና ለማኅበራዊ ዋስትና ጉዳይ እንጂ ለግብር ስሌት አይደለም።

ሠራተኛውም የደመወዝ መግለጫውን በየወሩ መመልከት ይኖርበታል። ደመወዙን በእርከኑ መጣኔ አባዝቶ ተቀናሹን ማንሳት ለማንም አስቸጋሪ አይደለም። ውጤቱ ከተቆረጠው ገንዘብ ጋር ካልተስማማ በመጀመሪያ አሠሪውን መጠየቅና ስሌቱ እንዲታረም ማድረግ ይገባዋል። ግብሩ ለገቢ ጽሕፈት ቤት ገብቶ ከሆነ በብልጫ የተከፈለ ግብር የሚመለስበት ሥርዓት በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ተደንግጓል። ለዚህም የደመወዝ መግለጫዎችን፣ የቅጥር ውሉንና አበሉ የጡረታ ክፍያ መሆኑን የሚያሳይ ሰነድ ጠብቆ መያዝ ይጠቅማል።

የገቢ ሰብሳቢ ተቋማት ኃላፊዎች ሁለቱንም ወገን የሚመለከት ኃላፊነት አለባቸው። አንድ አሠሪ የጡረተኛ ሠራተኞቹን ግብር ሳይቆርጥ ቢቀር የክልሉ ገቢ ይጎድላል። አበልን ከደመወዝ ደምሮ ቢቆርጥ ደግሞ ሕግ ነፃ ያደረገው ገንዘብ ያለአግባብ ይወሰዳል። የሂሳብ ምርመራ ሲደረግ ሁለቱም ስህተቶች በእኩል ዓይን ሊታዩ ይገባል።

በአጭሩ የሠራዊት ጡረተኛው አበል በአገልግሎት ዘመኑ የተቋጠረ መብት ነው፤ አባሉ የድርሻውን አዋጥቶበታል፤ ሕጉም ከግብር ነፃ አድርጎታል። ከጡረታ በኋላ የሚያገኘው ደመወዝ የዛሬ ሥራው ዋጋ ነው፤ ከጎኑ እንደቆመው የፋብሪካ ሠራተኛ በእኩል መጠን ግብር ይከፍልበታል። ሁለቱን ለይቶ የሚያሰላ የሒሳብ ክፍል የመንግሥትንም የጡረተኛውንም መብት በአንድነት ያስከብራል።